ምዕራፍ ሰባት፦ ባለሁለት ሽፋን መጽሔት

የፎቶግራፍ ሥልጠና ጨርሶ የወጣ ወጣት ስለ ካሜራው ብዙ ያውቃል። የሌንሱን ዓይነት፣ የመዝጊያውን ፍጥነት፣ የብርሃኑን መጠን ይዘረዝራል። «ካነሳሃቸው ሁለት መቶ ፎቶዎች አንዱን ብቻ ምረጥ» ሲሉት ግን ይጨነቃል፤ ሁሉም ያምሩበታል። ግራፊክ ዲዛይን የተማረችው ጓደኛውም ከእሱ ብዙ አትሻልም። ፕሮግራሙን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች፤ የተለማመደችው ግን ማንም በማይጠራበት የሠርግ ጥሪ ወረቀትና ባልተከፈተ ካፌ ማስታወቂያ ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ነገር ጎድሏቸዋል፤ ሥራቸውን የሚጠብቅ ሰው የለም።

የተማሪ መጽሔት ይህን ጉድለት ይሞላል። ገጹ የተቆጠረ ስለሆነ መምረጥ ግድ ነው። የማተሚያው ቀን ስለተቆረጠ መጨረስ ግድ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት እናት የሠፈር ሰው ስለሆኑ ስማቸውን በትክክል መጻፍና ፊታቸውን በሚገባ ማሳየት ግድ ነው። ከመምህሩ ይልቅ እነዚህ ሦስት ግዴታዎች ያስተምራሉ።

በዚህ ምዕራፍ አንድ ምሳሌ እንከተላለን። በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ከተማ፣ ገሚሶቹ አማርኛ ገሚሶቹ ዐረብኛ የሚናገሩ አሥር ተማሪዎች 16 ገጽ መጽሔት ሊያወጡ ተስማምተዋል እንበል። ቡድኑ ምናባዊ ነው። የሚገጥመው ፀሐይ፣ አፈር፣ ፊደልና ድንበር ግን የእውነት ነው። ገዳሪፍን የመረጥነው ችግሩ ሁሉ አንድ ላይ የተሰበሰበበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ እዚያ የሠራ ዘዴ ሁመራም፣ ገንዳ ውሃም፣ አዲስ አበባም አያቅተውም።

ብዙ የተነሳ፣ ጥቂት ያነሳ አገር

ገዳሪፍ ከመተማ ማዶ ካለችው ገላባት ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዙሪያዋ ጥቁር የዋልካ ሜዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ የማሽላና የሰሊጥ አገር። ለአረምና ለአጨዳ ከኢትዮጵያ ወገን የሚሻገር ሠራተኛ ከድሮም አልጠፋባትም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከቀይ ሽብር፣ ከጦርነትና ከረሃብ የሸሹ ኢትዮጵያውያን መጠጊያ ሆናለች። በ1980ዎቹ ስሙ የገነነው የኡም ራኩባ መጠለያ ከረጅም ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ለመጡ ስደተኞች እንደገና ተከፈተ። በ2021 መጀመሪያ የቱናይድባ መጠለያ ተጨመረ።

ይህ አገር በዓለም ታላላቅ ካሜራዎች ተደጋግሞ ተነስቷል። ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ሳህልን ሲዞር በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያንን አንስቷል። በ2020ም የዜና ወኪሎች ፎቶ አንሺዎች ኡም ራኩባና የድንበር መሻገሪያዋ ሐምዳይት ነበሩ። ሥራቸው ታላቅ ነው። ግን የተነሳው ለሩቅ ተመልካች ነው፤ ምርጫውም ያንን ተመልካች ያስባል። የሩቁ ተመልካች ሰልፉን፣ ድንኳኑን፣ የከሳውን ክንድ ይፈልጋል። የሠፈሩ አንባቢ ግን ሰልፉን ያውቀዋል። እሱ የሚፈልገው በዚያ ሰልፍ ውስጥ ልብስ ሰፊው ማን እንደሆነ፣ ማታ ልጆችን የምታስጠናው የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ማየት ነው። የተማሪ መጽሔት የፎቶ ትምህርት ከዚህ ልዩነት ይጀምራል፦ የማነሳው ለማን ነው?

መሣሪያው ምክንያት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ «ገዳሪፍ ዲጂታል ሲቲ» የተባለ ድርጅት ከኔዘርላንዷ አይንድሆቨን ከተማ ጋር በፈጠረው ወዳጅነት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አስመጥቶ ነዋሪውን ያሠለጥን ነበር። አውሮፓ ውስጥ አርጅቷል ተብሎ የተጣለ ኮምፒውተር 16 ገጽ ለማቀናበር ከበቂ በላይ ነው። ስክሪበስ የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ነጻ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ካሜራውም ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

መጽሔቱ ከመማሪያ መጽሐፉ ሲበልጥ

እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ራበን ጋፕ በተባለ የተራራ መንደር፣ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የሰለቻቸው ተማሪዎች መጽሔት ለማውጣት ወሰኑ። ስሙን «ፎክስፋየር» አሉት። ወደ አያቶቻቸው ሄደው የእንጨት ቤት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሥጋ እንዴት እንደሚደርቅ ጠየቁ፤ ድምፅ ቀረጹ፣ ፎቶ አነሱ። በ1972 ከመጽሔቱ የተውጣጣ መጽሐፍ ታተመ፤ ሚሊዮኖችም ገዙት። ለእኛ የሚጠቅመው ሽያጩ አይደለም። አንድ ሽማግሌ መጥረቢያ ሲይዙ ያነሳ ተማሪ፣ ገጹ ላይ ሲያየው የጣታቸው አያያዝ ካልታየ ሌላው ሰው ከፎቶው ሊማር እንደማይችል ይገባዋል። ያን ጊዜ ተመልሶ ይሄዳል፤ ቀረብ ብሎም ያነሳል። «ቅርብ ሁን» የሚለውን ምክር ከመጽሐፍ ቢያነበው ይረሳው ነበር።

የእኛም አገር የተማሪ ኅትመት ታሪክ አለው። በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስቴንስልና በማባዣ ማሽን የሚያወጧቸው ጽሑፎች ፎቶ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ማባዣው ጥቁርና ነጭ እንጂ በመካከል ያለውን ግራጫ አያወጣምና። የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1969 የወጣው እንዲህ ባለ የተማሪ ኅትመት ላይ ነበር። ያ ትውልድ ሐሳቡን በቃል ብቻ መሸከም ነበረበት። የዛሬው ተማሪ ግራጫውን ሁሉ የሚያወጣ ማተሚያ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ አለለት፤ ጥያቄው ምን ያደርግበታል የሚለው ነው።

ነጭ ጀለቢያ፣ ጥቁር ፊት

ቡድኑ የመጀመሪያ ቀን ወጥቶ ሲመለስ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዞ ይመጣል፤ «ፊታቸው ጠቁሮ አይታይም»። ምክንያቱ ስልኩ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ነው። መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይጥራል። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ከፊቱ ሲቆሙ፣ ከፍሬሙ አብዛኛውን የያዘውን ነጭ ልብስ አይቶ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ሁሉንም ያጨልማል። ጀለቢያው ግራጫ ይሆናል፤ ፊታቸው ደግሞ ጥላ ብቻ። ነጠላ ያደረጉ እናትም፣ ቶብ የተባለውን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ በነጩ የለበሰች አስተማሪም ያው ነው።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ አለው። አንደኛ፣ በስልኩ ስክሪን ላይ ፊቱን በጣት መንካት፤ መለኪያው ከልብሱ ይልቅ ፊቱን እንዲያይ። ሁለተኛ፣ የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ትንሽ መግፋት። ልብሱ ላይ የክሩ መስመር እስኪጠፋ ድረስ ግን አይገፋም፤ አንዴ ነጭ ሆኖ የጠፋ ዝርዝር በኋላ በማስተካከያ አይመለስም። መልኩ የጠቆረ ሰው በጨለማ ግድግዳ ፊት ሲቆም ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ስልኩ «ጨለመ» ብሎ ያነጣና የቆዳውን ወዝ አመድ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ወደ ታች ይሳባል።

ይህ ችግር ከእኛ አልጀመረም። ኮዳክ ለቀለም ማመሳከሪያ ለማጠቢያ ቤቶች ይልካቸው በነበሩት ካርዶች ላይ ለአሥርት ዓመታት የቆመችው ነጭ ሴት ነበረች፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባሉ ነበር። ፊልሙ የሚስተካከለው ለእሷ ቆዳ ስለነበር የጠቆረ ፊት ዝርዝሩን ያጣ ነበር። ዛሬ ስልኮች ተሻሽለዋል፤ ቢሆንም መለኪያው ማንን ማየት እንዳለበት የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ፀሐዩ አለ። ገዳሪፍ በ14 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀጥታ አናት ላይ ትሆናለች። ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ አገጭ ሥር ጥላ ይጠቁራል። አሸዋማ አገር ቢሆን መሬቱ ብርሃኑን ወደ ላይ መልሶ ጥላውን ያለሰልሰው ነበር። የዋልካ መሬት ግን ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ ጧትና ማታ ማንሳት ይመረጣል። እኩለ ቀን ላይ ግድ ከሆነ ሰውየውን ራኩባ በሚሉት የሳር ጥላ ጠርዝ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ማቆም ነው። እግሩ ሥር ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ቢዘረጋ ብርሃን ከታች ይመለሳል፤ ጥላውም ይላላል።

መብራት ሲጠፋስ? እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ካርቱም መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ያሱዮሺ ቺባ የተባለው የፈረንሳይ ዜና አገልግሎት ፎቶ አንሺ ግጥም የሚያሰማ ወጣት አነሳ። ብርሃኑ በዙሪያው ከቆሙት ተቃዋሚዎች ስልክ የመጣ ነበር። ፎቶው በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር የዓመቱ ፎቶ ሆነ። ቡድናችን ከዚህ የሚወስደው ትምህርት፦ ስልክ መብራትም ነው፤ ከካሜራው ጎን ሳይሆን ከሌላ አቅጣጫ፣ በሌላ ሰው እጅ ሲያዝ ፊትን ይቀርጻል።

የሰሊጥ ታሪክ በአምስት ፎቶ

ለመጀመሪያ እትም አንድ የፎቶ ታሪክ በቂ ነው። ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥን የሚያህል ርእስ የለም። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ ሂላ ሆኖ ይቆማል፤ ሲደርቅ ይራገፋል፤ ከዚያ ጆንያ፣ ከዚያ ገበያ። ተማሪው ብዙውን ጊዜ አንዱን ትዕይንት ሠላሳ ጊዜ አንስቶ ይመጣል። ገጹ ግን አምስት ቦታ ብቻ አለው፤ እያንዳንዱም የተለየ ሥራ ይጠይቃል። አንዱ ሰፊ ነው፤ ማሳውን እስከ አድማስ ያሳያል። አንዱ ሰው ከሥራው ጋር ነው፤ ሂላ የሚያቆሙት ሁለት ሠራተኞች። አንዱ በጣም ቅርብ ነው፤ ፍሬው ከዛላው ሲራገፍ፣ ወይም የሠራተኛው መዳፍ። አንዱ ፊት ብቻ ነው። የመጨረሻው ገበያው ነው፤ ጆንያው ተከፍቶ ነጋዴው ፍሬውን በጣቱ ሲያይ።

ሰሊጡ ሲራገፍ የሚያነሳ ተማሪ የመዝጊያ ፍጥነት ምን እንደሆነ ያን ዕለት ይረዳዋል። ፍሬው በአየር ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ እንዲቆም ከፈለገ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ያስፈልገዋል፤ እንደ ዝናብ መስመር እንዲሠራ ከፈለገ አንድ ሠላሳኛ ይበቃዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የትኛው ለታሪኩ ይሻላል የሚለውን ቡድኑ ተከራክሮ ይወስን።

የፎቶ መግለጫ ለመጻፍ ተማሪው ስም፣ ቦታ፣ ቀንና ሥራ እዚያው ማሳው ላይ በማስታወሻ ደብተር መያዝ አለበት። ቤት ገብቶ የሚጻፍ መግለጫ «አንድ ገበሬ በሥራ ላይ» ከማለት አያልፍም። ጥሩ መግለጫ ፎቶው ውስጥ ያለውን አይደግምም፤ የማይታየውን ይጨምራል፦ ሰውየው ከየት ተነስቶ እንደመጣ፣ ይህ ስንተኛ አጨዳው እንደሆነ።

አሥራ ስድስት ገጽ፣ አራት ወረቀት

አሁን ኮምፒውተሩ ይከፈት። ከኮምፒውተሩ በፊት ግን አራት ባዶ ወረቀት ለሁለት አጥፎ አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባትና ገጾቹን በእርሳስ መቁጠር ይቀድማል። አራት ኤ-4 ወረቀት 16 የኤ-5 ገጽ ይሆናል። ተማሪው ሲዘረጋው ገጽ 1 ከገጽ 16 ጋር፣ ገጽ 2 ከገጽ 15 ጋር በአንድ ወረቀት ላይ መሆናቸውን ያያል። በአንድ ወገን ያሉ ሁለት ገጾች ቁጥራቸው ሲደመር ሁልጊዜ 17 ነው። ይህን የተረዳ ዲዛይነር ገንዘብ ይቆጥባል። የውጪውን ወረቀት ብቻ በቀለም፣ ቀሪዎቹን ሦስቱን በጥቁርና ነጭ ማተም ይችላል፤ ስለዚህ ቀለም የግድ የሚያስፈልጋቸው ፎቶዎች ገጽ 1፣ 2፣ 15 እና 16 ላይ ይመደባሉ። በቶብ ያጌጠች ሙሽራ እዚያ ትገባለች። ሂላው በጥቁርና ነጭ ያምራል።

ቀጥሎ የፎቶው መጠን። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይመከራል። ሙሉ የኤ-5 ገጽ የሚሸፍን ፎቶ እንግዲህ 1748 በ2480 ፒክስል ይፈልጋል። ስልኩ ይህንን አሳምሮ ያነሳል፤ ጉዳቱ የሚመጣው በመላክ ላይ ነው። ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከለትን ምስል በተለምዶ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ገደማ ያሳንሰዋል። ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ሙሉ ገጽ ላይ ሲታተም ግን በአንድ ኢንች 155 ፒክስል ብቻ ይቀራል፤ ሽፋሽፍቱ ይደበዝዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፎቶውን እንደ ፋይል መላክ፣ ወይም ከስልክ ወደ ፍላሽ በገመድ መገልበጥ።

ሁለት ፊደል በአንድ መጽሔት

አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ብዙ ሰው ይህን እንደ እንቅፋት ያየዋል፤ በእጅ የታጠፈው ናሙና ግን ሌላ ነገር ያሳያል። መጽሔቱን በአማርኛው ሽፋን በኩል ሲይዙት ጀርባው በግራ ነው። ገልብጠው በኋላው ሽፋን ሲያዩት ጀርባው በቀኝ ይሆናል፤ የዐረብኛ መጽሐፍ ጀርባም በቀኝ ነው። ስለዚህ ገጽ 16 ራሱ የዐረብኛው ፊት ሽፋን ይሆናል። ሁለት ከግራ የሚጀምሩ ቋንቋዎች ቢሆኑ አንዱን ዘቅዝቆ ማተም ያስፈልግ ነበር። እዚህ ማንም አይዘቀዘቅም፤ ማንም ሁለተኛ አይሆንም። ሁለቱም ሽፋኖች ደግሞ ባለቀለሙ የውጪ ወረቀት ላይ ናቸው።

አማርኛው ከገጽ 1 ወደ 8፣ ዐረብኛው ከገጽ 16 ወደ 9 ሲጓዙ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ገጽ 8 እና 9 ያልተቆረጠ አንድ ወረቀት ስለሆኑ ትልቁ ፎቶ ሳይሰነጠቅ የሚዘረጋው እዚያ ብቻ ነው። በግራው ጥግ የአማርኛ መግለጫ፣ በቀኙ ጥግ የዐረብኛ መግለጫ ይገባል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ መሃሉ ላይ ስቴፕለር ስላለ የማንም ፊት እጥፋቱ ላይ አይውደቅ።

አቅጣጫ ፎቶውንም ይነካል። በአማርኛው ግማሽ ወደ ቀኝ የሚያይ ሰው አንባቢውን ወደሚቀጥለው ገጽ ይመራዋል፤ በዐረብኛው ግማሽ ግን ያው ሰው ወደኋላ የሚያይ ይመስላል። ሰነፍ ዲዛይነር ፎቶውን በመስታወት እንደሚታይ ይገለብጠዋል። ይህ ክልክል ነው፤ ቀኝ እጁ ግራ ይሆናል፣ ከኋላው ያለው የሱቅ ጽሑፍ ይገለበጣል፣ ሰውየውም ራሱን አያውቀውም። ፎቶ አንሺው ከመነሻው ሁለቱንም አቅጣጫ አንስቶ መምጣት አለበት። ማሳ ላይ ሆኖ ስለ ገጹ ማሰብ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፊደሉም የየራሱ ጠባይ አለው። የግዕዝ ፊደላት በቁመት ተቀራራቢ ስለሆኑ አምዱ ጥቅጥቅ ያለ ግራጫ ይመስላል፤ በመስመሮች መካከል አየር ይፈልጋል። የዐረብኛ ሆሄያት ከመስመሩ በታችም በላይም ይዘረጋሉ፤ ለተመሳሳይ ንባብ የፊደሉ መጠን ብዙውን ጊዜ ከአማርኛው ከፍ ይደረጋል። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ አጽንዖት የሚሰጠው በድምቀት ወይም በቀለም ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን የቅዱሳንን ስም በቀይ የሚጽፉት አጽንዖትን በቀለም ለማሳየት ነበር።

ሁለት የተለመዱ ብልሽቶችም አሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ፋይል ወደ አዲስ ፕሮግራም ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ዐረብኛው ደግሞ ፕሮግራሙ ካልደገፈው ሆሄያቱ ተነጣጥለውና ተገልብጠው ይወጣሉ። ዐረብኛ የማያነብ ዲዛይነር ይህን ስለማያየው እያንዳንዱን ገጽ ከማተሚያ በፊት የቋንቋው ባለቤት ያንብበው።

ካሜራ የማይወጣበት ቦታ

ሱዳን ውስጥ ፎቶ ማንሳት ለረጅም ጊዜ ፈቃድ የሚጠየቅበት፣ ድልድይና ወታደራዊ ቦታም ፈጽሞ የሚከለከልበት ጉዳይ ነው። ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ጦርነት ወዲህ፣ ተፈናቃይ የገዳሪፍ ትምህርት ቤቶችን ሲሞላና ብዙዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ሲሻገሩ፣ ካሜራ የያዘ ወጣት በቀላሉ ይጠረጠራል። ስለዚህ የቡድኑ ደንብ በጽሑፍ ይቀመጥ፦ ወታደር፣ ኬላ፣ ድልድይ አይነሳም፤ የስልኩ የቦታ መመዝገቢያ ይዘጋል፤ ለታዋቂ ሽማግሌና ለወላጆች አስቀድሞ ይነገራል።

ፈቃድ ማለት አንገት መነቅነቅ አይደለም። ተነሺው መጽሔቱ የት እንደሚደርስ ሊያውቅ ይገባል፤ ከአገሩ ሸሽቶ የመጣ ሰው ፊቱ ድንበር ተሻግሮ ቢታይ ቤተሰቡ ሊጎዳ ይችላል። «ፊቴን አታሳዩ» ላለ ሰው እጁን፣ ጀበናውን፣ የሚሰፋበትን ሲንጀር ማንሳት ይቻላል። ይህ ገደብ ከፎቶ ትምህርቱ አይለይም፤ ፊት ሳያሳዩ ሰውን ማሳየት ከባድ ሙያ ነው።

ሁለተኛው እትም

መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሳቸው ፎቷቸው ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ተማሪዎቹ ኮፒውን በእጃቸው ይዘው ይሂዱ፤ የሚባለውን ይመዝግቡ። «ስሜ ተሳስቷል»፣ «ለምን እንዲህ አጠቆራችሁኝ»፣ «ይሄን ዐረብኛ ማን ጻፈው» የሚሉ አስተያየቶች ከየትኛውም ፈተና ውጤት የበለጠ ያሳያሉ። ከዚያ 16ቱ ገጾች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ቡድኑ በየገጹ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ዓይን መጀመሪያ የት አረፈ? ይህ ፎቶ ቢወጣ ምን ይጎድላል? ተነሺው ይህን ገጽ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል?

ለሁለተኛው እትም ሥራው ይቀያየር። ያነሳው ያቀናብር፤ ያቀናበረችው ታንሳ። ለርእስ የሚሆን ባዶ ቦታ በሌለበት ፎቶ ላይ ርእስ ለማስገባት ሲታገል ያመሸ ፎቶ አንሺ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከሰውየው አናት በላይ ሰማይ ትቶ ያነሳል። ሁለት መቶ ተመሳሳይ ፎቶዎችን ስትመረምር የዋለች ዲዛይነር ደግሞ እሷ ስትወጣ አሥራ አምስት የተለያዩ ፎቶዎች ይዛ ትመለሳለች። በዚህ ምዕራፍ መጀመሪያ ያየነው የምርጫ ጭንቀት የሚለቀው በዚህ መንገድ ነው። ምርጫው ከኮምፒውተሩ ፊት ወደ ማሳው ይዛወራል፤ ከማንሳት በኋላ መሆኑ ቀርቶ ከማንሳት በፊት ይሆናል። ቡድኑ ለሦስተኛው እትም ሲሰበሰብ አዲስ ለሚመጡት ተማሪዎች ይህን የሚያስተምሩት ከዚህ ያለፉት ራሳቸው ይሁኑ፤ ለትምህርቱም የቀደሙት ሁለት እትሞች፣ ከነስህተታቸው፣ ይበቋቸዋል።